የተሸጠ ዕቃ አይመለስም

ከሱቄ ግድግዳ፣ ከመደርደሪያው ላይ፣
በቀይ ቀለም ሰሌዳ፣ ለሚያይ ለማያይ፣
«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል፤
አሥር ዓመት ኖረ፣ ማን ጠይቆት ያውቃል?

ደሴ፣ ፒያሳ ላይ፣ ሐምሌ እንደጀመረ፣
ጦሳም ጉም ለብሶ ካይን እንደተሰወረ፣
ሱጃታ መጣች፣ የሕንዷ መምህር፣
እዚያ ዩኒቨርሲቲ ድልድይ የምታስተምር።
ጃንጥላዋን ዘግታ፣ ሳሪዋን ሰብስባ፣
በጣቷ ጠቆመች ወደ ካውያው ቀርባ።

«ሁለት መቶ ጨምር፣ ፈረንጅ ናት» አልኩት፣
ይመርን፣ ረዳቴን፣ ድምፄን ሳልቀንስለት።
(ሕንድ ፈረንጅ ነው ወይ? አይደለም በውነቱ፤
ዋጋ ሲጠይቅ ግን ነጭ ይሆናል ፊቱ።)
ቆጥራ ከፈለችኝ፤ ቀጠለች፦ «ደረሰኝ»።
የቃሉ ትርጉም ግን ኋላ ነው የደረሰኝ።
በሁለት መቶው ማታ ብርቱካን ገዛሁ፤
ጣፈጠ፣ አልዋሽም፤ ሦስቱን ልጬ በላሁ።

ሦስት ቀን አለፈ። ዝናቡ ሳይበርድ፣
ካርቶኑን አቅፋ መጣች በዚያው መንገድ።
ካውያው አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤
ሽታው ከካርቶኑ አልፎ ሱቄን አከረፋ።
እኔ መች ጨነቀኝ? ግድግዳው አለልኝ፤
«ያንን አንብቢ» አልኳት፣ አፌን እንዲያሳርፍልኝ።

አነበበች፣ ወይ ጉድ፣ ፊደል በፊደል፣
ሐረጎን እንደሚወጣ አይሱዙ፣ በቀስታ፣ በኃይል፦
«የ… ተ… ሸ… ጠ…»። ደንበኛው ሁሉ ቆመ።
«ዕ… ቃ…»። ይመር ሳቅ ጀመረ፣ ሳቁም መሐል ላይ ከሰመ።

ዞር ብላ ጠየቀች፦ «ይኼን ማን ነው ያለው?»
ማን ልበላት? እኔ? መንግሥት? ግድግዳው?
«አዋጁ ሌላ ነው፤ የተበላሸ ይመለሳል፤
ተማሪዎቼ አነበቡልኝ፤ ቀኑ ሳያልፍ፣ ይላል።
እና ደግሞ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣
«ሁለት መቶውንም። ፊደሉን ሳልጀምር
መጀመሪያ የተማርኩት ቁጥር ነው፣ እዚህ አገር።»

ጆሮዬ ጋለ፤ ካውያው እንኳ እንዲያ አልጋለም።
ድንገት ጅዳ መጣች፤ ሱቋ፣ የመብራቷ ቀለም፣
በሦስት ወር ደመወዝ የገዛሁት ስልክ፣
አንድ ሌሊት አድሮ የያዘ የድንጋይ መልክ።
ነጋዴው ግድግዳውን በአገጩ ጠቆመኝ፤
ፊደሉን አላጣሁትም፣ መርሳ ቀርቻለሁ ልጅ ሆኜ፤
ትርጉሙ ነው የጠፋኝ። ኢቃማም አልነበረኝ።
ወረቀት የሌለው ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?
«ማን ነው ያለው?» የሚል ቃል በየት በኩል ይወጣል?
ስልኩን ኪሴ ከትቼ፣ «ሹክረን» ብዬ ወጣሁ።
አመስግኜ! እስከ ዛሬ በሱ ነው የምቆጣው።

ይኼን ለሱጃታ መንገር አቃተኝ፤
«ሻይ ላስመጣልሽ?» አልኩ። «ገንዘቤን» አለችኝ።
ቆጥሬ መለስኩላት፣ ሁለት መቶውንም ጨምሬ።
ከደጅ የቆመችው ጦይባ፣ የጎረቤቴ ሚስት፣ ሰምታ ኖሯል ወሬ፦
«ያምናው ራዲዮዬስ?» አለች፣ «ተናገር እንጂ ዛሬ!»

ማታ ለጅምላ ሻጩ ደወልኩ፣ መርካቶ፤
«ደረሰኙን ገልብጠህ አንብብ» አለኝ፣ ሳቁ በርክቶ።
አነበብኩት። ያው ነው። ያው ቃል፣ በጥቁር ቀለም።
ከላይ እስከ ታች ለካ የሚመልስ የለም።

ሰሌዳውን አወረድኩ። ቦታው ግን ቀረ፣
አሥር ዓመት አቧራ ያልነካው፣ ነጭ እንደነበረ።
ሐጂ ሽኩር ቢያዩት፦ «ምን ልትጽፍበት ነው?»
«እያሰብኩ ነው» አልኩ። እስካሁንም እያሰብኩ ነው።

ዕቃው ተመልሷል። ሰውም ይመለሳል፤
ነሐሴ ላይ መጣች፦ «ይኼ ማፍያ ስንት ያወጣል?»
ይመር እኔን አየኝ። እኔ ባዶውን ግድግዳ።
ትክክለኛውን ነገርኳት፣ ለጎረቤት እንጂ የማይነገር ለእንግዳ፣
አንድም ብር ሳልጨምር።

«ቀንስ» አለችኝ።